ኮምፕሬሰሩ ይዞራል፣ ጌጁ ግን ከ2 ባር አያልፍም

ጥያቄው፦ «አዲስ ባለ 24 ሊትር፣ ባለ 2 የፈረስ ጉልበት፣ ዘይት የሚጨመርበት ኮምፕሬሰር ገዛሁ። መመሪያው እንደሚለው ዘይት ሞልቼ፣ አየር መውጫውን ከፍቼ ለማላመድ ግማሽ ሰዓት አሠራሁት። ከዘጋሁት በኋላ ግን ጌጁ (የግፊት መለኪያው) እስከ 2 ባር ይወጣና እዚያው ይቆማል። ሃያ ደቂቃ ቢዞርም ንቅንቅ አይልም። ከማብሪያው ሳጥን ሥር የሚያፏጭ ነገር ይሰማኛል። መጋጠሚያዎቹን ሁሉ ፈትቼ ቴፍሎን ጠመጠምኩባቸው፤ ለውጥ የለም። ፓምፑን ልፍታው ወይስ ልመልሰው?»

ፓምፑን አይፍቱት፤ ለዚያ ገና ነው። የሰጡት መረጃ ጥፋቱን በጥቂት ቦታዎች ለመወሰን ይበቃል፤ የቀረውን ደግሞ ማሽኑን ሳይከፍቱ፣ በጆሮና በሰዓት ብቻ ማወቅ ይቻላል። ከሁሉ በፊት ግን «ምናልባት ቆይቶ ይሞላ ይሆናል» ብለው ሃያ ደቂቃ ማሠራቱን ይተዉ። እነዚህ ትንንሽ ማሽኖች ሞልተው እንዲያርፉ ነው የተሠሩት። ያለ ዕረፍት ሲዞሩ የቴስታታው (የሲሊንደሩ ክዳን) ሙቀት ከ100 ዲግሪ ይዘላል፤ የቫልቩ ምላሶች (የሚከፈቱና የሚዘጉት ስስ ብረቶች) እና የፒስተኑ ፋሻም (ፒስተኑን የሚከብቡት ቀለበቶች) ሳይላመዱ ይጎዳሉ። በ5 ደቂቃ ውስጥ ያልሞላ ባለ 24 ሊትር ታንክ በ20 ደቂቃም አይሞላም፤ ያጥፉት።

ለምን 2 ባር ላይ እንደሚቆም ከገባዎት ፍለጋው ግማሽ በግማሽ አልቋል። ባለ 24 ሊትር ታንክ ከባዶ ተነሥቶ 8 ባር እንዲደርስ 24 ጊዜ 8፣ ማለትም 192 ሊትር የውጭ አየር መግባት አለበት። በዚህ ጉልበት ያለ ባለ አንድ ሲሊንደር ፓምፕ ብዙ ጊዜ 47 ሚሊ ሜትር የሲሊንደር ስፋትና 38 ሚሊ ሜትር የፒስተን ምት (የመውጣትና የመውረድ ርቀት) አለው፤ በደቂቃ 2850 ዙር ሲዞር በስሌት 188 ሊትር ያህል ይጠርጋል። ሙቀትና ቴስታታው ውስጥ የሚቀረው አየር ስለሚቀንሱት በተግባር ወደ ታንኩ የሚገባው ከዚያ 60 በመቶ ገደማ፣ ማለትም በደቂቃ ከ110 እስከ 120 ሊትር ነው። ስለዚህ ጤነኛ ማሽን ከሁለት ደቂቃ ብዙ ሳይርቅ ሞልቶ መቆም አለበት።

የእርስዎ ግን 2 ባር ላይ ቆመ። ይህ ማለት በዚያ ግፊት የሚገባውና የሚወጣው አየር እኩል ሆነ ማለት ነው። የሚያፈስ ቀዳዳ ግፊቱ በጨመረ ቁጥር አብዝቶ ያፈስሳል፤ ስለዚህ ጌጁ የሚቆምበት ቁጥር የቀዳዳው ልክ ነው። 2 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቀዳዳ በ2 ባር ግፊት በደቂቃ ወደ 100 ሊትር ያወጣል፤ ፓምፑ ከሚያመርተው ጋር ሊተካከል ምንም አልቀረውም። የሚፈልጉት እንግዲህ በመጋጠሚያዎቹ ጥርስ መሃል ሾልኮ የሳሙና አረፋ የሚያስነሣ ጥቂት አየር አይደለም። እንዲህ ያለ ትንሽ ማፍሰስ ማሽኑን ሌሊት ያጎድለዋል እንጂ 2 ባር ላይ አያስቆመውም። የሚፈልጉት የክብሪት እንጨት የሚያስገባ ክፍት መንገድ ነው፤ እሱ ከሌለ ደግሞ አየር የማያመርት ፓምፕ ነው። ቴፍሎኑ ለውጥ ያላመጣው ለዚህ ነው።

ስለ ቴፍሎኑ አንድ ነገር ልጨምር፤ አሁን ራሱ ጥፋት ሊሆን ስለሚችል። ከፓምፑ ወደ ታንኩ የሚወርደው የመዳብ ወይም የአሉሚኒየም ቱቦ በሁለቱም ጫፍ በዳዶ ይታሰራል። እዚያ አየሩን የሚይዘው ጥርሱ ሳይሆን በቱቦው ላይ የሚጨመቀው ቀለበት ነው። ቴፍሎን ሲገባበት ቀለበቱ በደንብ እንዳይቀመጥ ያደርጋል፤ ከሁለቱም ጫፍ ያውጡት። ቴፍሎን የሚገባው ወደ ታንኩ በቀጥታ ለሚገባ ጥርስ ነው። ከ3 እስከ 4 ዙር፣ ጥርሱ በሚጠብቅበት አቅጣጫ ይጠመጠማል፤ የመጀመሪያው ጥርስ ባዶውን ይቀራል። ያን ጥርስ ከሸፈኑት ሲጠብቅ ተቆራርጦ ወደ ውስጥ ይወድቃል፤ አየር ወደ ታንኩ ብቻ በሚያሳልፈው ቫልቭ (ቼክ ቫልቭ) ላስቲክ ሥርም ሊያርፍ ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ፍተሻ እንለፍ። አየሩ የሚሄድበትን መንገድ ያስቡ፦ በፊልትሮ ይገባል፣ ሲሊንደሩ ውስጥ ይጨመቃል፣ በቴስታታው አልፎ በቱቦው ይወርዳል፣ ታንኩ በር ላይ ያለውን ቼክ ቫልቭ ገፍቶ ይገባል። ቼክ ቫልቩ አየር ወደ ታንኩ ያስገባል እንጂ ወደ ኋላ አይመልስም። ከዚሁ ቫልቭ ጎን የእርሳስ ውፍረት ያላት ቱቦ ወጥታ ወደ ማብሪያው ሳጥን፣ ማለትም ወደ ፕሬዠር ስዊቹ ትሄዳለች፤ ጫፏ ላይ አንሎደር የምትባል ትንሽ ቫልቭ አለች። አንሎደሯ የተያያዘችው ከቼክ ቫልቩ በፊት ካለው አየር ጋር መሆኑን ልብ ይበሉ። ቼክ ቫልቩ ማሽኑን ለሁለት ይከፍለዋል። ከሱ በኋላ ያለ ቀዳዳ ሞተሩ ቢቆምም ያፈስሳል፤ ከሱ በፊት ያለው የሚያፈስሰው ሞተሩ ሲዞር ብቻ ነው።

ስለዚህ ታንኩ ሥር ያለው የውኃ ማስወጫ መዘጋቱን አይተው፣ የመውጫውን ግፊት የሚቆጣጠረውን ሬጉላቶር ወደ ኋላ መልሰው ዘግተው፣ ማሽኑን ያብሩት። 2 ባር ላይ ሲቆም በማብሪያው ያጥፉት። ባጠፉበት ቅጽበት ከስዊቹ ሥር ከአንድ እስከ ሦስት ሰከንድ ፍስስ ብሎ ዝም ማለት አለበት። ይህ ጥፋት አይደለም፤ አንሎደሯ ቱቦው ውስጥ የቀረውን አየር አውጥታ ሞተሩ በሚቀጥለው ጊዜ ያለ ጭነት እንዲነሣ እያደረገች ነው። ከዚያ ሁለት ደቂቃ ጌጁን እያዩ ያዳምጡ።

ጌጁ ሳይወርድ 2 ባር ላይ ከቀረ ታንኩ፣ ሴፍቲ ቫልቩና መውጫው ሁሉ ደህና ናቸው። ጥፋቱ ከቼክ ቫልቩ በፊት ነው፤ አንሎደር፣ ወደ ታንኩ የሚወርደው ቱቦ ወይም ራሱ ፓምፑ።

ጌጁ በፍጥነት ከወረደና ድምፁ ከስዊቹ ርቆ ከተሰማ ጥፋቱ ከታንኩ ወገን ነው። አዲስ ማሽን ላይ ቀዳሚው ተጠርጣሪ የውኃ ማስወጫው ነው፤ ብዙ ጊዜ ከፋብሪካ ተከፍቶ ይመጣል፣ ካላመዱት በኋላም መዝጋት ይረሳል። ቀጥሎ ሴፍቲ ቫልቩ አለ። ቀለበቱን ለሙከራ ስበውት ከሆነ ተመልሶ ሳይቀመጥ ቀርቶ ይሆናል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ሳብ አድርገው በድንገት ይልቀቁት፣ ቆሻሻው ይነፋል። እንዲህም ሆኖ ካልዘጋ ይቀየር። ቀዳዳውን መድፈን ወይም በቡሎን መተካት ፈጽሞ የማይሞከር ነው፤ ስዊቹ አልቆርጥ ቢል ታንኩ እንዳይፈነዳ የሚያደርገው ያ ቫልቭ ብቻ ነው።

ጌጁ ከወረደና ፉጨቱ ከስዊቹ ሥር ካላቆመ፣ ቼክ ቫልቩ እየመለሰ ሊሆን ይችላል። የታንኩ አየር ወደ ኋላ መጥቶ በተከፈተችው አንሎደር ይወጣል። እዚህ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ፤ ድምፁ ስዊቹ ዘንድ ስለሆነ ስዊቹን ይቀይራሉ፣ አዲሱም እንደዚያው ያፏጫል። የሳሙና ውኃ በአንሎደሯ አፍ ላይ ያድርጉ። አረፋው እዚያ ከተነፋ ጥፋቱ ቼክ ቫልቩ ነው። አንሎደሯ ዝም ብላ አየሩ ከሳጥኑ ውስጥ ከመጣ ግን የስዊቹ ዲያፍራም (ግፊቱን የሚቀበለው ስስ ላስቲክ) ተቀዷል፤ ያኔ ስዊቹ መቀየር ይኖርበታል።

ድምፁ ሞተሩ ሲዞር ጭምር ከስዊቹ ሥር እንደሚመጣ ነግረውኛል። ሞተሩ ሲቆም ዝም የሚልና ጌጁም ባለበት የሚቀር ከሆነ፣ አንሎደሯ ሳትዘጋ ቀርታለች ማለት እችላለሁ። በነዚህ ማሽኖች ላይ የማየውም፣ ግምቴም እሱ ነው። አሠራሯ ቀላል ነው። ስዊቹ ሲያጠፋ የሚንቀሳቀሰው ዘንግ የአንሎደሯን ፒን ይጫናል፤ ቫልቯም ትከፈታለች። ሲያበራ ዘንጉ ፒኑን ይለቃል፤ ውስጥ ያለችው ሞላም ትዘጋታለች። ቫልቯ ጠማማ ከታሰረች፣ ከልክ በላይ ወደ ውስጥ ከገባች፣ ዘንጉ በጉዞ ከተጣመመ ወይም ላስቲኳ ሥር የብረት ብናኝ ካለ፣ ስዊቹ ሲበራም ፒኑ እንደተጫነ ይቀራል። ፓምፑ አየር ያመርታል፣ አየሩ ግን ቼክ ቫልቩን ከመግፋት ይልቅ በቀላሉ በትንሿ ቱቦ ይወጣል። በነገራችን ላይ አንዳንድ ስዊቾች ሞተሩ በተነሣ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰከንዶች ሆን ብለው አየር ያስወጣሉ፣ ከዚያ ራሳቸው ይዘጋሉ። ያ ጤነኛ ነው፤ ጤና የሌለው ሳያቋርጥ ሲያፏጭ ነው።

ለማረጋገጥ ሶኬቱን ነቅለው ታንኩን በውኃ ማስወጫው ፈጽሞ ባዶ ያድርጉ፤ ጌጁ ዜሮ ማለቱ ብቻ አይበቃም፣ የሚወጣው አየር ሲቆም በጆሮ ይስሙ። ትንሿን ቱቦ ከቼክ ቫልቩ ወገን ፈትተው የቼክ ቫልቩን አፍ በልኩ ጥርስ ባለው መዝጊያ ይድፈኑ። ጣት፣ ጨርቅ ወይም እንጨት አይሆንም። ማስወጫውን ዘግተው ያብሩ። ጌጁ 2 ባርን አልፎ ሽቅብ ከሄደ ነገሩ አልቋል፤ ጥፋቱ አንሎደሯ ነው። 4 ባር ሲደርስ በእጅዎ ያጥፉት። ቱቦው ውስጥ ግፊት ታስሮ ስለሚቀር መዝጊያውን ቀስ ብለው ሩብ ዙር ፈታ ያድርጉ፣ ተንፍሶ ሲያበቃ ያውጡት። በዚህ ሁኔታ ማሠራት ግን የለብዎትም። አንሎደር የሌለው ሞተር በታሰረ ግፊት ላይ ለመነሣት ሲታገል ያቃስታል፣ ካፓሲተሩንና ጥቅልሉንም ያቃጥላል።

ጥገናው እንዲህ ነው። ሶኬቱ እንደተነቀለ የስዊቹን ክዳን ይክፈቱ። ማብሪያውን «አብራ» ላይ አድርገው ዘንጉና ፒኑ መካከል ትንሽ ክፍተት መኖሩን ይዩ፤ «አጥፋ» ላይ ሲያደርጉት ዘንጉ ፒኑን በግልጽ ሊጫነው ይገባል። ክፍተት ከሌለ ቫልቯን የያዘውን ብሎን ወይም ዳዶ ፈታ አድርገው ቀጥ አድርገው መልሰው ይሰሯት። ክፍተት እያለ የምታፏጭ ከሆነ ፒኑን በካቻቢቴ ጫፍ ደጋግመው ይጫኑት። ወዲያው መመለስ አለበት፤ ከዘገየ ወይም ከተጣበቀ ቫልቯን አውጥተው አፅዱ ወይም ቀይሩ። ለብቻዋ የምትሸጥ ርካሽ ዕቃ ናት፣ ስዊቹን በሙሉ መግዛት አያስፈልግም።

ቼክ ቫልቩ ተጠርጣሪ ከሆነ፣ ታንኩ ባዶ ሆኖ፣ ትልቁን የላይኛውን ዳዶ ይፈታሉ። ውስጡ ላስቲክና ሞላ ብቻ ነው ያለው። አቀማመጣቸውን በስልክ ፎቶ ያንሡ፤ ተገልብጠው ከገቡ ማሽኑ ወይ አይሞላም ወይ አይዝም። የቴፍሎን ክር፣ የብረት ላጭ ወይም የቀለም ፍርፋሪ ካገኙ ይጥረጉ። ላስቲኩ ላይ የመቀመጫው ቀለበት ሙሉ ክብ ሆኖ መታየት አለበት፤ የተቆረጠ ቦታ ካለ ይቀየራል። ይህ ቫልቭ ተዘግቶም ሊጣበቅ ይችላል፤ ያኔ ግን ምልክቱ ሌላ ነው። ፉጨት የለም፣ ጌጁ ዜሮ ላይ ነው፣ ሞተሩ ያቃስታል፣ ቱቦው ደግሞ በአንድ ደቂቃ ውስጥ የማይነካ ሆኖ ይግላል።

ጌጁ የማይወርድ፣ ፉጨትም የማይሰማ ሆኖ ማሽኑ 2 ባር ላይ ብቻ የሚቆም ቢሆንስ? ያኔ ፓምፑ ነው፤ እሱንም ሳይፈቱ መመርመር ይቻላል። ፊልትሮውን አውጥተው መጀመሪያ ጉሮሮውን ይዩ። አዲስ ማሽን ሲጓጓዝ ዘይት እንዳይወጣና ቆሻሻ እንዳይገባ የፕላስቲክ ውታፍ ይገባበታል፤ ፊልትሮው በላዩ ላይ ሲታሰር የታየ ነገር ነው። የዘይት መሙያው ላይም እንዲሁ ቀዳዳ የሌለው የጉዞ ክዳን ሊኖር ይችላል፤ ከማሽኑ ጋር በመጣው መተንፈሻ ባለው ክዳን መለወጥ አለበት።

ከዚያ ታንኩ ባዶ ሆኖ ያብሩና ቁራጭ ወረቀት ወደ አየር መግቢያው ያስጠጉ፤ እጅዎን ከማቀዝቀዣው ፕሮፔለር ያርቁ። ወረቀቱ ጭብጥ ብሎ ከተያዘ ጥሩ ነው። ከተሳበ በኋላ እየተመታ የሚራገፍ ከሆነ ፓምፑ የሳበውን መልሶ እየተፋ ነው፤ የመግቢያው ምላስ አልዘጋም፣ ወይም በቴስታታው ውስጥ መግቢያውንና መውጫውን የሚለየው የጓርኒሲዮን (የማሸጊያው) ክፍል ተቀዷል። ወረቀቱ ታንኩ ባዶ ሳለ በደንብ ተስቦ ግፊቱ ወደ 2 ባር ሲጠጋ የሚላላ ከሆነ ደግሞ የመውጫውን ምላስ ይጠርጥሩ። የተጨመቀው አየር በሱ በኩል ወደ ሲሊንደሩ ይመለሳል፤ ሲሊንደሩ አስቀድሞ ስለተሞላ አዲስ አየር የሚስብበት ቦታ ያጣል። ያው አየር ደግሞ ደጋግሞ ስለሚጨመቅ ቴስታታው ከልክ በላይ ይሞቃል። መሳቡ ከመጀመሪያውም ደካማ ሆኖ በዘይቱ መተንፈሻ በኩል ኃይለኛ አየር ከወጣ ፋሻው አልያዘም። ጥቂት ትንፋሽ ግን አዲስ ማሽን ላይ ያለ ነው፤ ፋሻው እስኪላመድ ይታገሡ።

ቴስታታውን ከመክፈትዎ በፊት ማሽኑ ቀዝቅዞ ሳለ ቡሎኖቹን በመስቀለኛ ቅደም ተከተል ይፈትሹ፤ አንዱ በእጅ የሚዞር ከሆነ መልሱን አገኙ። መመሪያው ላይ ልክ ካልተሰጠ ለ6 ሚሊ ሜትር ቡሎን 10፣ ለ8 ሚሊ ሜትር ከ20 እስከ 25 ኒውተን ሜትር ይበቃል። ከዚያ በላይ ከሄዱ የአሉሚኒየሙ ጥርስ ይነቀላል። መክፈት የግድ ከሆነም ዋስትናው እንደማይቋረጥ መጀመሪያ ሻጩን ይጠይቁ። በከፈቱ ጊዜ ምላሶቹ ጠፍጣፋ ሆነው በቀዳዳቸው ላይ መተኛት አለባቸው። ስንጥቅ፣ ጥላሸት፣ ሥራቸው የገባ ፍርፋሪ፣ ወይም ከላይና ከታች ተገላብጦ የገባ ምላስ ይፈልጉ። ጥርጣሬ ካለዎት ምላሶቹ የተገጠሙበትን ሳህን አግድመው ምላሱ በሚዘጋው ቀዳዳ ላይ ጥቂት ላምባ ያፍስሱ፤ ጥቂት ጠብታ ቢያልፍ ምንም አይደለም፣ ሽው ብሎ ከወረደ ግን አይዘጋም። ላምባውን ጠርገው በደንብ ሳያደርቁ አይግጠሙት፤ በሚግል ሲሊንደር ውስጥ ሊቀጣጠል ይችላል። አንዴ የተጨመቀ ጓርኒሲዮን ደግሞ በአዲስ ይተካ።

ጌጁም ራሱ ሊዋሽ ይችላል። ሁለት ጌጅ ካለ አንዱ የታንኩ፣ ሌላው ከሬጉላቶሩ በኋላ ያለው የመውጫ ነው። የመውጫውን እያዩ ከሆነ ሬጉላቶሩ 2 ላይ ስለተቀመጠ ብቻ 2 ይላል፤ ቁልፉን ወደ ላይ ሳብ አድርገው በሰዓት አቅጣጫ ሲያዞሩት ይጨምራል። ሞተሩ በራሱ ቆርጦ የሚቆም ከሆነ ታንኩ ሞልቶ የሚዋሸው ጌጁ ሳይሆን አይቀርም። የእርስዎ ግን ስለማይቆም ይህ ብዙ አያሳስበኝም።

የኤሌክትሪክ ነገርም እንዲሁ በአጭሩ። ቀጭንና ረጅም ማራዘሚያ ሞተሩን ያደክማል፤ ምልክቱ ግን ሲነሣ ማቃሰትና ዙሩ መቀነሱ ነው፣ ፉጨት አይደለም። ለዚህ ጉልበት ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ይጠቀሙ፤ ርቀት ካስፈለገ ከሽቦው ይልቅ የአየር ጎማውን ያርዝሙ።

መመለስ ያለበት መቼ ነው? ከታንኩ ብየዳ ላይ አረፋ ከተነሣ ወዲያው ይመልሱት። ግፊት የሚይዝ ታንክ በየትኛውም ብየዳ ቤት አይጠገንም፣ በማጣበቂያም አይደፈንም። የወረቀቱ ፍተሻ ምላስ ወይም ፋሻ ካሳየም አዲስ ማሽን ስለሆነ መመለሱ ይሻላል። ጌጁንና የሚሮጥ ሰዓት አንድ ላይ የሚያሳይ ቪዲዮ ይዘው ይሂዱ፤ ድምፁም እንዲሰማ ስልኩን ያስጠጉ። አንሎደርና ቼክ ቫልቭ ብቻ ከሆነ ግን በቤትዎ የሚያልቅ ሥራ ነው።

ከጠገኑት በኋላ በሁለት ቁጥር ይመዝኑት። ከ2 ባር ወደ 6 ባር ለመውጣት የፈጀበትን ጊዜ ይያዙ፤ 4 ጊዜ 24፣ ማለትም 96 ሊትር ስለሆነ ከ45 እስከ 60 ሰከንድ ይገባዋል። ከ100 ሰከንድ ካለፈ ፓምፑ አሁንም ደካማ ነው። ሁለተኛው የመያዙ ፈተና ነው። 8 ባር ላይ ቆርጦ ሲቆም ሶኬቱን ነቅለው ይተዉት። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ቢወርድ አይደንግጡ፤ ታንኩ ውስጥ ያለው አየር ከ50 ወደ 25 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ብቻውን 8 ባርን ወደ 7.3 ያወርደዋል። ታንኩ በእጅ ሲነካ ከቀዘቀዘ በኋላ ቁጥሩን ይጻፉና ከአንድ ሰዓት በኋላ መልሰው ይዩ። እስከ ግማሽ ባር መውረዱ ደህና ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ የሳሙናውን ውኃ የሚያወጡት አሁን ነው፤ በየጥርሱ ላይ ያን ጥቂት አየር የሚፈልጉበት ጊዜውም ይኸው ነው።